እሳቸውስ ምን ይበላሉ?

ባሊና፣ እሑድ ፌብሩወሪ 9 ቀን 1997

ዴርቭላ እህቴ፣

ደህንነትሽን ሳልጠይቅ ስለ ሾርባ ልጀምር ስል እጄን ያዝኩት። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? የእንግዳ ማረፊያሽ ጣሪያ ከዚያ ንፋስ ተረፈ ወይ? እኛ አለን። መልሱን ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ። ስልክ ለምን አታነሺም ላልሽው፣ ደወሉ ሲጮህ ኮልማን የሚነዳው አውቶብስ የሚነሳበት ሰዓት የደረሰ እየመሰለው ኮቱን ለብሶ በር ላይ ይቆማል። ጡረታ ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው ብሎ ማስረዳት ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ገመዱን ነቅዬዋለሁ። መጻፍ ይሻላል። ደብዳቤ አይጮህም።

ወደ ጠየቅሽኝ ልግባ። ዌስትፖርት ወደብ ላይ አዲስ የተከፈተውን «ሰማያዊ መልህቅ» ሄደን አየነው። ከመርከብ ወርደው ወደኛ ወገን ለሚነዱት እንግዶችሽ ልትነግሪያቸው ከሆነ ምግቡን ላሳጥርልሽ። የአሳ ሾርባው ማንኪያ ያቆማል። ቡናማው ዳቦ እዚያው የተጋገረ ነው፣ ቅቤም አይሰስቱም። አትላኪያቸው።

ለምን ብትዪ፣ አስተናጋጇ መጣች፣ እኔን ጠየቀችኝ፣ ጻፈች። ከዚያ ኮልማንን በአገጯ እያመለከተች፣ «እሳቸውስ ምን ይበላሉ?» አለችኝ።

«ጠይቂያቸዋ» አልኳት።

«ይሰማሉ እንዴ?»

ኮልማን ቀና አለ። «ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። የጠፋብኝ ሌላው ነው» አላት።

እኔም ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ እንደ ሰው ጠየቀችው። እሱ ግን በዚህ መሀል የት እንዳለ ጠፋበትና «ወደ ጎልዌይ፣ ደርሶ መልስ» አላት። ልጅቷ እንደገና ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የልጅነት ሳቅ ነው። ወጥ ቤት ገብታ ስትነግራቸው ግን እዚያ ውስጥ ሲሳቅ ሰማሁ። ኮልማንም ሰማ። ቅቤውን አነሳና ሻዩ ውስጥ ከተተው፣ በማንኪያ አማሰለው፣ ጠጣው። ሐኪሙ ባለፈው መከር የነገረን እየመጣ ነው። በሽታው መጀመሪያ ስም ነበር የሚወስድበት፣ አሁን ዕቃ ላይ ደርሷል።

ከዚያ ይልቅ ስዊንፎርድ መንገድ ዳር ያለችውን የሚስስ ጌራቲን ቤት ንገሪያቸው። ሜኑ የላትም። ድንቹ አንዳንድ ቀን ይበስላል፣ አንዳንድ ቀን አይበስልም። ጎመኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተክ ነው የሚውለው። ኮልማን እሷንም የጎልዌይ ትኬት ጠየቃት።

«ጋሼ፣ መንገዱ ተዘግቷል» አለችው ቆማ ሳታስብ። «እስኪከፈት የአሳማ ሥጋና ጎመን ላቅርብልዎት?»

«አቅርቢ እንግዲህ» አለ። በላ። ሳህኑን በዳቦ ጠረገ።

ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ዛሬ ይቆይ።

ኢታ


ኤኒስኮርቲ፣ የፋሲካ ማግስት፣ ማርች 31 ቀን 1997

እታለም፣

ዛሬ ከጥያቄሽ ልነሳ፣ አለበለዚያ በሆቴል ወሬ ሸፍኜው ማለፌ ነው። ባለፈው በቁራጭ ወረቀት የላክሽልኝን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዤው ከረምኩ። አይ፣ ኃጢአት አይደለም። ባልን መጦሪያ ቤት ማስገባት ኃጢአት ቢሆን ግማሹ አገር ባልቆረበ ነበር። በመሠዊያው ፊት «በጤናም በሕመምም» ብዬ ምያለሁ ትያለሽ። ምለሻል። ሕመሙ እንዲህ ዓይነት ይሆናል ያለሽ ግን አልነበረም።

ይህን ብዬም «አስገቢው» ብሎ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም። እኔን ሙሽራዋን ከነሻንጣዬ፣ ከነወንበሬ፣ ከነዶሮዎቼ በራሱ አውቶብስ እዚህ ድረስ ያመጣኝ ኮልማን ነው፤ መንገደኛውን ሁሉ ሲያዘፍን። አንቺ ወስኚ። የወሰንሽው ላይ እኔም እቆማለሁ።

ለፋሲካ አለመምጣቴን እንግዳ በዝቶብኝ ነው ብዬሽ ነበር። የበዛብኝ ፍርሃት ነው። ይቅር በይኝ።

እዚህ ስላለው ደግሞ፣ ከዌክስፎርድ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ሆቴል ተከፍቷል። አባ ፎርቹን ለልደታቸው ጋበዙኝ። ሳህኑ እንደ ጋሪ ጎማ፣ ምግቡ እንደ ቁርባን። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ባረኩ፣ ገለጡ፣ ሳህኑን አዩና «ዴርቭላ፣ ስጸልይ የበላብኝ አለ እንዴ?» አሉኝ። አሳላፊው ቀርቦ ዳክዬው ከምን ጋር እንደቀረበ በግጥም ነገረን። ስንወጣ የድንች ጥብስ ገዝተን መኪና ውስጥ በላን፤ አባ ጣታቸውን ላሱ። ከእናንተ ወገን የሚመጣ ሰው ካለ በዚያ አይለፍ በዪው።

ዴርቭላ


ባሊና፣ እሑድ ሜይ 18 ቀን 1997

ዴርቭላ፣

ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም፤ ይህ አገር አፍ አያጣም። አዎ፣ ጠፍቶ ነበር። አዎ፣ ፖሊስ ሊጠራ ነበር። አሁን እፊቴ ተቀምጦ ካልሲ እያጣጠፈ ነው፤ አጣጥፎ ሲጨርስ እበትንለታለሁ።

ስላይጎ ድልድዩ አጠገብ «ሦስቱ ዝይዎች» የሚባል ቤት ገባን። ራስሽ ተሰልፈሽ ሥጋ የሚቆረጥልሽ ዓይነት ነው። ኮልማንን መስኮቱ ዘንድ አስቀምጬ ተሰለፍኩ። ሁለት ሳህን ይዤ ስመለስ ወንበሩ ላይ ኮፍያው ብቻ ነበር።

አልጮህኩም። ሳህኖቹን አስቀመጥኩ፣ የእሱ እንዳይቀዘቅዝ በሌላ ሳህን ከደንኩት። ያን ጊዜ ይህን ለምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን አየሁ፣ ወጥ ቤቱን አየሁ፣ ወደ ወንዙ የሚያወጣውን በር አየሁ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ባለቤቱ መጣና «ፖሊስ ልጥራ? ምን ለብሰዋል?» አለኝ። ማስታወስ አቃተኝ። ጠዋት ያለበስኩት እኔ ነኝ እኮ።

ለካ ኮልማን ከቤቱ ፊት የቆመ የቱሪስቶች አውቶብስ ውስጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምሳቸውን ቀድመው የጨረሱ ጀርመኖች ከኋላው ሞልተዋል። መስታወቱን አስተካክሏል። በድምፅ ማጉያው እንኳን ደህና መጣችሁ ብሏቸዋል፣ ቡንዶራን ላይ ለሻይ እንደሚቆሙም ነግሯቸዋል። አንዲት ሴትዮ ከረሜላ ሰጥታዋለች፤ ጉንጩ ውስጥ ነበር።

ደግነቱ ቁልፉ እውነተኛው ሹፌር ኪስ ውስጥ ነው። እሱ እኛ አጠገብ ኬክ ሲበላ የነበረ ወፍራም ቀይ ጢማም ነው። በመስኮት አየና ሹካውን ወርውሮ ወጣ። ሊደነፋበት ነው ብዬ ተከተልኩት። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ኮልማንን አየው። እጁ መሪው ላይ እንዴት እንዳረፈ ያየ መሰለኝ።

«ጋሼ» አለው፣ «አስጠበቅሁዎት። ተረኛው እኔ ነኝ።»

«የት ከርመህ ነው?»

«ምሳ ላይ ነበርኩ።»

«ምግቡ እንዴት ነው?»

«ሥጋው ደርቋል። መረቁ ነው ያዳነው።»

«ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ቀስ ብለህ ያዝ፤ ይስባል» አለው ኮልማን፣ ወረደም። ጀርመኖቹ አጨበጨቡለት። ሹፌሩ እጁን ጨበጠው፤ ወደ እኔ ግን አላየም። ስላላየኝ አመሰገንኩት።

ለእንግዶችሽ፦ ሥጋው እውነትም ደረቅ ነው። ሰዎቹ ደህና ናቸው። ይሂዱ።

ቤት ስንደርስ ለቅሶ ይመጣል ብዬ መኪናው ውስጥ ትንሽ ጠበቅኩ። አልመጣም። ገብቼ ድንች ላጥኩ።

ኢታ


ኤኒስኮርቲ፣ ጁን 5 ቀን 1997

እታለም፣

ደብዳቤሽን ቁርስ እያቀረብኩ አነበብኩት፤ የአንድ እንግሊዛዊ እንቁላል አረረ። ስለ ጀርመኖቹ ሳቅሁ። ስለተከደነው ሳህን ግን መቀመጥ ነበረብኝ።

ሐኪሙ መጦሪያ ቤት ይግባ ማለቱን በዚያ ቁራጭ ወረቀት ጽፈሽልኛል፤ አንቺ ያልሽውን ግን አልጻፍሽም። አልጫንሽም።

እንግዶቼ ሚስስ ጌራቲ ዘንድ በልተው በፖስታ ካርድ አመሰገኑኝ። አንደኛው «ድንቹ ጥሬ ነበር፣ እናታችን ያገኘን ያህል ነው» ብሏል። በኛ በኩል፣ መርከብ ማቆሚያው አጠገብ ያለው አዲሱ አሳ ቤት አይሞከርም፤ ሽታው ከመርከቡ ቀድሞ ነው የሚቀበልሽ። ባለቤቱን «አሳው መቼ ተያዘ?» ብለው፣ «መያዙንማ ተይዟል» አለኝ።

ኮልማን ዛሬ ምን በላ? እሱን ጻፊልኝ። የሚበላውን ሳውቅ ያየሁት ይመስለኛል።

ዴርቭላ


ባሊና፣ እሑድ ኦገስት 3 ቀን 1997

ዴርቭላ፣

ቶሎ ስላልጻፍኩ ይቅርታ። የአየሩ ነገር እንደምታውቂው ነው።

ኪላላ ወደብ ላይ «መረብ ቤት» የምትባል ጠባብ ምግብ ቤት አለች፤ ለእንግዶችሽ ትሆናለች። መስኮት ዳር አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ሰጡኝ። ዕለቱን የተያዘ አሳ በቅቤ የተጠበሰ፣ ከላዩ የሎሚ ጭማቂ። ቆዳው ጥርስ ላይ ይሰበራል፣ ውስጡ ነጭ፣ እርጥብ። ድንቹ ትናንሽ አዲስ ድንች ነው፣ ከነልጣጩ። አተሩ ከጣሳ የወጣ አልነበረም። ቀጥዬ የፖም ኬክ በትኩስ የወተትና የእንቁላል ክሬም አዘዝኩ። የፖሙ ኮምጣጣነት ደህና ነው፤ ሊጡ ከታች ትንሽ ረጥቧል። ሻዩ ጠንካራ። አስተናጋጇ ዝምተኛ ናት፣ ሳትጠሪያት አትመጣም። ጥሩ ቤት ነው። ይሂዱ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ኢታ


ኤኒስኮርቲ፣ ኦገስት 9 ቀን 1997

ኢታ፣

ዛሬ ስምሽን ነው የምጠራው፣ ተቆጥቻለሁና። «ሰጡኝ» ትያለሽ፣ «አዘዝኩ» ትያለሽ። የአተሩን ታሪክ ነግረሽኛል። በአንድ ገጽ ሙሉ ኮልማን የሚል ስም የለም። ቢሞት ኖሮ እሰማ ነበር። የአንቺን ሻይ ጥንካሬ ምን አደርገዋለሁ? እሱ ምን በላ?

እህትሽ ዴርቭላ


ባሊና፣ እሑድ ኦገስት 24 ቀን 1997

ዴርቭላዬ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ልክ ነሽ። ኮልማን መጦሪያ ቤት ነው። ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ኪላላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ልንገርሽ። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ እየነዳሁ መሪውን ያዘብኝ፤ ሁለተኛው ላይ ግንብ ዳር ነበር የቆምነው። ሐኪሙ ራሱ ስልክ ደውሎ ቦታ አስያዘልን። ልብሱን በሻንጣ አደረግኩ። ለኮልማን ምንም አላልኩትም፤ ብነግረው ምን እንደምል አላወቅኩም። መኪናው ውስጥ «ዛሬ የት ነው የምንበላው?» አለኝ። «አዲስ ቤት ነው» አልኩት። እውነትም አዲስ ነው።

የምሳ ሰዓት ነበር። ትልቅ ክፍል ነው፣ በየጠረጴዛው አበባ አለ። ተቀመጠና ሜኑ ጠየቀ። አረንጓዴ ሽርጥ ያደረገች ሠራተኛ መጣች፣ ኩዊኒ ትባላለች።

«ዛሬ ያለን የበግ ወጥ ነው፣ ጋሼ» አለችው።

«ጥሩ ነው?»

«እናቴ የምትሠራውን አያክልም።»

ኮልማን ወደ እኔ ዞረ። «ሐቀኛ ቤት ነው» አለኝ። «እዚሁ እንብላ።»

ማንኪያውን ሲያነሳ ተነሳሁ። ኩዊኒ በዓይኗ «ሂጂ» አለችኝ። አላየኝም። ወይ አይቶኛል፣ አላውቅም። ሻንጣውን መተላለፊያው ላይ አቆምኩት።

ምን ተሰማሽ ትዪኝ ይሆናል። ምንም። ወደ ቤት መታጠፍ ሲገባኝ አልታጠፍኩም፤ መንገዱ ወደ ኪላላ ወሰደኝ። የጻፍኩልሽን አሳ የበላሁት ያን ዕለት ነው። ሁሉንም በላሁ፣ አጥንቱ ቀረ። ከዚያ የፖም ኬኩን አዘዝኩ። ያ ሁሉ ጣዕም ያልኩሽ እውነት ነው፤ እያንዳንዱን ለይቼ አውቀው ነበር። ሌላው ነው የማይሰማኝ። አሁንም እንደዚያው ነኝ። ጠዋት ሁለት ስኒ አወጣለሁ፣ አንዱን እመልሳለሁ፤ ሲያመኝ እጠብቃለሁ፣ አያመኝም። ባሏን ሰጥታ አሳ የበላች ሴት ምን ትባላለች? ያልጻፍኩልሽ የምትባለውን ስለማላውቅ ነው።

ኢታ


ኤኒስኮርቲ፣ ኦገስት 28 ቀን 1997

እታለም፣

የተራበች ትባላለች።

ማረፊያውን ለጎረቤት ትቼ በሴፕቴምበር አጋማሽ በባቡር እመጣለሁ። አልጋ አታንጥፊ፣ ምንም አትሥሪ፤ ውጭ ነው የምንበላው። ቤት እንዳትመርጪ። እኔ እመርጣለሁ፣ መጥፎም ቢሆን አብረን እናማዋለን። መጦሪያ ቤቱም አብሬሽ እገባለሁ። ለፋሲካ የቀረሁት እሱን ማየት ፈርቼ ነበር፤ አሁን ብፈራም እመጣለሁ።

ዴርቭላ


ባሊና፣ እሑድ ኖቬምበር 16 ቀን 1997

ዴርቭላዬ፣

በሰላም መግባትሽን የሚናገረው ካርድሽ ከደረሰኝ ቆየ፤ ዝምታዬን እንደ ቅሬታ አትይብኝ። አጠገቤ በነበርሽበት ሰሞን ቤቱ ድምፅ ለምዶ ነበር፤ ከሄድሽ በኋላ ለመጻፍ ስቀመጥ ብዕሩ የሚለው አጣ። የመጦሪያ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ግድግዳውን ይዘሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። ያየሁሽ እንዳይመስልሽ መስኮት ወዳለበት ዞርኩ። ማልቀስ በመቻልሽ ቀንቼብሻለሁ፣ ይህን ልነግርሽ ነበር።

አዎ፣ አሁንም እሑድ እሑድ እዚያ ነው የምበላው። ለዘመድም ሳህን ይሰጣሉ። አይ፣ አያውቀኝም። ባለፈው ወር «ኢታ» ያለኝ አንድ ቀን ነበር፤ ኩዊኒንም በዚያው ቀን «ኢታ» ብሏታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ራሱ ነው የሚጎርሰው። ክብደት ጨምሯል። ጢሙን ኩዊኒ ትላጨዋለች፤ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ዛሬ የሆነውን ልጻፍልሽ፣ ምን እንደምለው ባላውቅም።

ሳህኔን ይዤ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ከተጋባን ጀምሮ «አንቺ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ «ብቻዎን ነዎት?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት።

«ሰው ብቻውን ሲበላ ማየት አልወድም። ይቀመጡ።»

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጨው አቀበለኝ። ትንሽ ከበላን በኋላ፣ «ባል አለዎት?» አለኝ።

«አለኝ።»

«ምን ይሠራል?»

«አውቶብስ ይነዳል።»

ራሱን ነቀነቀ። «አዬ፣ የነሱ ነገር! ቤታቸው አይገኙም። ምሳቸውንም መንገድ ላይ ያገኙትን ነው የሚጎርሱት፣ ያውም ቆመው።»

«እንደዚያ ነው» አልኩት።

«ደግ ሰው ነው?»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «ደግ ነው» አልኩት።

ወደ ወጥ ቤቱ በር አየ፣ እንዳይሰሙት አንገቱን አስግጎ ወደ እኔ ቀረበ። «እንግዲያው ይዘውት ይምጡ» አለኝ። «አርብ ግን አያምጡት፣ አሳቸው አይረባም። እሑድ ነው ጥሩ። እሑድ በግ አለ፣ ሰዎቹም አይቸኩሉም።»

«እነግረዋለሁ።»

«ወንበር እይዝለታለሁ» አለ። ሹራቡን በስንት መከራ አወለቀ፣ እንዳላግዘው በእጁ ከለከለኝ። አጣጥፎ አጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አኖረው።

ሻይ መጣ። ኩዊኒ ወንበሩን ልትወስደው ስትል፣ «ተዪው፣ የሚመጣ ሰው አለ» አልኳት።

ኢታ